ሸክሙን ማን ይሸከም? ላሪ ቴስለርና የግል ኮምፒውተር አጠቃቀም ንድፍ

ከጽሑፍ ውስጥ አንድን ሐረግ መርጦ መቁረጥ፣ መቅዳትና ሌላ ቦታ መለጠፍ ዛሬ ለኮምፒውተርም ሆነ ለስልክ ተጠቃሚ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ፣ አሠራሩ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችል ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ይሁንና ይህ አሠራር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ከተማ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል፣ ከሌሎች ተፎካካሪ አሠራሮች ጋር ተነጻጽሮ፣ ተሞክሮና ክርክር ተካሂዶበት የተመረጠ ነው። ለዚህ ምርጫ አብዝቶ የተሟገተው ላሪ ቴስለር ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2020 በ74 ዓመቱ ሲያርፍ የዓለም መገናኛ ብዙኃን «ኮፒ ፔስትን የፈጠረው ሰው» እያሉ አስታወሱት። ስያሜው ሐሰት ባይሆንም የሥራውን ፍሬ ነገር አሳንሶ ያሳያል፤ ምክንያቱም ቴስለር በረጅም የሥራ ዘመኑ ደጋግሞ የተመለሰበት ጉዳይ፣ ማንኛውም ማሽን ይዞት የሚመጣውን ውስብስብነት ማን ይሸከመው የሚለው ጥያቄ ነበር፣ መቁረጥና መለጠፍም ለዚህ ጥያቄ ከሰጣቸው መልሶች አንዱ ብቻ ነው።

ቴስለር በ1945 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው ክፍል ተወልዶ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አጥንቶ በ1965 ተመረቀ። ከዚያ በኋላ በዩኒቨርሲቲው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ሲሠራ «ፐብ» የተባለ ፕሮግራም አዘጋጀ፤ ይህ ፕሮግራም በመካከሉ የትእዛዝ ቃላት የተሰገሰጉበትን ረቂቅ ተቀብሎ ርዕሱን፣ ኅዳጉንና የገጽ ቁጥሩን አስተካክሎ ለኅትመት የሚያዘጋጅ ነበር። በዚያው ዘመን፣ ማንም የፈለገ የሚያስተምርበትና የሚማርበት «ሚድፔኒንሱላ ነጻ ዩኒቨርሲቲ» የተባለ ማኅበር የትምህርት ዝርዝሩን ሲያሳትም ቴስለር በገጽ ቅንብሩ ሥራ ይሳተፍ ነበር። የገጽ ቅንብር ያኔ የእጅ ሥራ ነው፤ በታይፕ የተጻፈው ወረቀት በመቀስ ይቆረጣል፣ ጀርባው ሙጫ ይቀባል፣ ገጹ ላይ ይለጠፋል፣ ቦታው ካልተስማማም ተነሥቶ እንደገና ይለጠፋል። በአንድ በኩል የትእዛዝ ቃላት በማስታወስ ላይ የቆመ የኮምፒውተር አሠራር፣ በሌላ በኩል ዓይንና እጅ ያለ ምንም ትእዛዝ የሚግባቡበት የመቀስና የሙጫ ሥራ፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ልምድ ውስጥ መገናኘታቸው ለኋለኛው ሥራው መሠረት ሆኗል።

በ1973 ቴስለር ወደ ዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሲገባ የማዕከሉ መሐንዲሶች «አልቶ» የተባለውን ኮምፒውተር ሠርተው ነበር። በዘመኑ ኮምፒውተር ማለት ብዙ ሰዎች በየተራቸው ወይም በጋራ የሚጠቀሙበት ትልቅ ማሽን በነበረበት ጊዜ፣ አልቶ ለአንድ ሰው ብቻ የተመደበ፣ እንደ ደብዳቤ ወረቀት ቁመቱ ከስፋቱ የሚበልጥ ስክሪን ያለው፣ ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለባለሙያዎች ያሳየውን ማውስ የያዘ ማሽን ነበር። ማሽኑ ከዘመኑ የቀደመ ቢሆንም በላዩ የሚሠሩት ፕሮግራሞች የተጻፉት ግን ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ነበር፤ ቴስለርም ትልቁን እንቅፋት ያየው እዚህ ላይ፣ በተለይም «ሞድ» በሚባለው ነገር ላይ ነው።

ሞድ ማለት አንድ ማሽን ለአንድ ዓይነት ድርጊት እንደየጊዜው የተለያየ ምላሽ እንዲሰጥ የሚያደርገው ውስጣዊ ሁኔታ ነው። በኪቦርድ ላይ ያለ አንድ ቁልፍ አሁን ሲነካ ፊደል የሚጽፍ፣ ቆይቶ ሲነካ ደግሞ ገጽ የሚያጠፋ ከሆነ፣ ተጠቃሚው ቁልፉን ከመንካቱ በፊት ማሽኑ በየትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለ ማወቅ አለበት፤ ያ ሁኔታ ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ የማይታይ ከሆነ ደግሞ በጭንቅላቱ ይዞት መቆየት ግዴታው ይሆናል። ሰው በሚጽፍበት ጊዜ አእምሮው የሚያዘው በሚጽፈው ጉዳይ እንጂ በማሽኑ ውስጣዊ ሁኔታ ስላልሆነ፣ ስሕተቱ አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ የሚደርስ ነው።

በማዕከሉ በበትለር ላምፕሰንና በቻርልስ ሲሞኒ መሪነት የተሠራው «ብራቮ» የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ይህን አደጋ በጉልህ ያሳያል። ብራቮ ጽሑፉ በወረቀት ላይ ታትሞ የሚኖረውን መልክ በስክሪን ላይ በማሳየት ፈር ቀዳጅ የሆነ፣ ሊከበር የሚገባው ሥራ ነው። ነገር ግን አንዱ ትእዛዝ መቀበያ፣ ሌላው ጽሑፍ መቀበያ የሆኑ ሁለት ሞዶች ነበሩት። ተጠቃሚው በጽሑፍ መቀበያው ላይ ያለ መስሎት «ኤዲት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ቢጽፍ፣ ማሽኑ ግን በትእዛዝ መቀበያው ላይ ከሆነ፣ የመጀመሪያዋ ፊደል «ኢ» ሰነዱን በሙሉ ምረጥ፣ ሁለተኛዋ «ዲ» የተመረጠውን አጥፋ፣ ሦስተኛዋ «አይ» አስገባ የሚሉ ትእዛዞች ሆነው ይፈጸማሉ፤ የመጨረሻዋ «ቲ» ደግሞ የገባች ጽሑፍ ትሆናለች። ብዙ ሰዓት የተለፋበት ሰነድ በአራት የቁልፍ ምት ጠፍቶ በቦታው አንዲት ፊደል ብቻ ትቀራለች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ጉዳት በቂ ልምምድ ያላደረገ ተጠቃሚ ጥፋት ተደርጎ ይታይ የነበረ ሲሆን፣ ቴስለር ግን የንድፍ ጥፋት ነው ብሎ ቆመ፤ ይህ አቋም በኋላ ተራ እውነት እስኪመስል ድረስ ተቀባይነት ቢያገኝም በወቅቱ ከባልደረቦቹ ብዙዎች ጋር ያከራከረው ነበር።

አቋሙን በተግባር የሚያሳይበት ዕድል የመጣው ከመጻሕፍት አሳታሚ ነው። በቦስተን አካባቢ የሚገኘውና በዜሮክስ ባለቤትነት ሥር የነበረው «ጊን» የተባለ የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት ለአርታዒያኑ የሚሆን የኮምፒውተር ሥርዓት ፈልጎ ስለነበር፣ ከድርጅቱ በኩል ቲም ሞት ወደ ፓሎ አልቶ መጥቶ ከቴስለር ጋር መሥራት ጀመረ። ሁለቱ ሰዎች ፕሮግራም ከመጻፋቸው በፊት ሥራው በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚሠራ አጠኑ። ቴስለር አዲስ የተቀጠረችና የኮምፒውተር ልማድ ገና ያልያዛትን ጸሐፊ ባዶ ስክሪን ፊት አስቀምጦ፣ በእጅ የታረመ ረቂቅ ሰጣትና ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ እንዳለ አድርጋ እያሰበች እርማቶቹን እንዴት እንደምታስገባ ጠየቃት። እሷም ቃል የሚገባበትን ቦታ እንደምትጠቁምና እዚያው እንደምትጽፍ፣ የሚወጣውን ደግሞ አመልክታ እንደምትሰርዝ አስረዳች። በንግግሯ ውስጥ «መጀመሪያ ወደ ማስገቢያ ሁኔታ እሄዳለሁ» የሚል ነገር አልነበረም፤ ቴስለርም የሰማውን ጽፎ የንድፉ መነሻ አደረገው። ማሽኑ ገና ሳይኖር ተራ ሠራተኛን የንድፍ ምንጭ ማድረግ፣ በዚያ በሊቃውንት በተሞላ ማዕከል ውስጥ፣ ከተገኘው ውጤት የማያንስ ትልቅ እርምጃ ነው።

ከዚህ የተወለደው «ጂፕሲ» የተባለው ፕሮግራም በ1975 ተጠናቀቀ። በጂፕሲ ፊደል ሁልጊዜ ፊደል ነው። ተጠቃሚው በሁለት ፊደላት መካከል ማውሱን ሲጫን ጠቋሚው እዚያ ይቆማል፣ የሚጽፈውም እዚያው ይገባል፤ ቃል ወይም ዓረፍተ ነገር መርጦ ቢጽፍ አዲሱ የቀድሞውን ይተካል። ክፍሉን ለማንሣት መርጦ «ቁረጥ» ይላል፣ የተቆረጠው በጊዜያዊ ማቆያ ይቆያል፣ ከዚያ አዲሱን ቦታ ጠቁሞ «ለጥፍ» ይላል። ጽሑፍን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ከዚያ በፊት በነበሩ ፕሮግራሞችም ይቻል ነበር፤ ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በቀድሞዎቹ ተጠቃሚው አስቀድሞ ትእዛዙን ይሰጣል፣ ማሽኑም «ምኑን?» ብሎ የሚጠብቅበት ሁኔታ ውስጥ ይገባል፣ ይህ መጠበቅ ራሱ ሞድ ነው፤ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ከዚያ ለመውጣት ሌላ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። በጂፕሲ ግን ተሳቢው ይቀድማል፣ ድርጊቱ ይከተላል፤ የአማርኛ ተናጋሪ ዓረፍተ ነገሩን የሚያዋቅርበት ሥርዓት ይኸው በመሆኑ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። መርጦ ሐሳቡን የቀየረ ተጠቃሚ ሌላ ቦታ ከመምረጥ በቀር ምንም አይጠበቅበትም። መቁረጥና መለጠፍም አንዱን የማዛወር ትእዛዝ ለሁለት ከፍለው፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው የተፈጸሙ ድርጊቶች ስላደረጉት፣ በመካከላቸው ተጠቃሚው ሌላ ነገር ሊጽፍ፣ ሊያነብ ወይም ገጽ ሊያገላብጥ ይችላል። የጂፕሲ ምስጋና ለቴስለር ብቻ የሚሰጥ አለመሆኑም መታወቅ አለበት፤ የቲም ሞት ድርሻ ከእሱ ጋር እኩል ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ራሱ ቴስለር በብርቱ በተቸው በብራቮ መሠረት ላይ የተገነባ ነው።

ቴስለር ከዚያ በኋላ በማዕከሉ በአላን ኬይ ቡድን ውስጥ፣ ከአዴል ጎልድበርግና ከዳን ኢንጋልስ ጋር፣ «ስሞልቶክ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ሠራ፤ የፕሮግራም ጸሐፊው ትልቅን ሥራ በክፍል በክፍል እየከፈተ የሚያነብበትንና የሚያርምበትን መስኮትም ነደፈ። በ1981 ስለዚሁ ቋንቋ «ባይት» በተባለው መጽሔት በወጣው ጽሑፉ ላይ፣ ሞድ ውስጥ አታስገቡኝ የሚል መፈክር የታተመበትን ካናቴራ ይዞ ቀርቧል፤ የመኪናው ሰሌዳም ሞድ አይኑር የሚል ትርጉም ያለው ነበር። እንዲህ ያለ ጽናት ለአንዳንዶች ከልክ ያለፈ ቢመስልም፣ አንድን ሐሳብ ከቤተ ሙከራ አውጥቶ የኢንዱስትሪ ልማድ ለማድረግ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

በ1979 መጨረሻ ላይ ስቲቭ ጆብስና የአፕል መሐንዲሶች ማዕከሉን ሲጎበኙ ሥራዎቹን ካሳዩአቸው ሰዎች አንዱ ቴስለር ነበር። ጉብኝቱ የተፈቀደው ዜሮክስ በአፕል ውስጥ የአንድ ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን እንዲገዛ ከተደረሰው ስምምነት ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ ስለዚህ «አፕል ሰረቀ» የሚለው የተለመደ ወሬ የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል። ሌላው ግማሽ የሰው ጉዳይ ነው። ዜሮክስ ከፎቶ ኮፒ ማሽን በሚያገኘው ገቢ የሚኖር ኩባንያ በመሆኑ በእጁ የያዘውን ነገር ለተራው ሰው በሚመጥን ዋጋ ለማቅረብ አልቸኮለም፤ ጎብኚዎቹ ግን ስለ ዝርዝሩ የሚጠይቁት ጥያቄ ጉዳዩ የገባቸው መሆኑን ስላሳየው ቴስለር በ1980 ወደ አፕል ተዛወረ።

በአፕል የተመደበው «ሊሳ» በተባለው ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ እዚያም የጸሐፊዋን ሙከራ ወደ መደበኛ አሠራር አሳደገው። አዳዲስ ሠራተኞች ያልተጠናቀቀውን ፕሮግራም ሲሞክሩ እየተመለከተ፣ የት እንደሚቆሙ፣ ምን እንደሚጠብቁና ምን እንደሚያሳስታቸው እየመዘገበ ንድፉ በየጊዜው እንዲስተካከል ያደርግ ነበር። የዜሮክስ ማውስ ሦስት ቁልፍ የነበረው ሲሆን፣ አዲስ ተጠቃሚዎች የትኛው ቁልፍ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ እየተምታታባቸው መሆኑ ስለታየ፣ ቴስለር አንድ ቁልፍ ብቻ እንዲሆን ከሚከራከሩት ወገን ቆመ፤ ሐሳቡም አሸነፈ። ከትእዛዝ ቁልፍ ጋር አብረው ሲነኩ የሚቆርጡት፣ የሚቀዱትና የሚለጥፉት የኤክስ፣ የሲና የቪ ቁልፎችም በሊሳ ላይ ተመድበው፣ ከዚያ ወደ ማኪንቶሽ፣ ቆይተውም ወደ ዊንዶውስ ተሸጋግረዋል። ሦስቱም በኪቦርዱ የታችኛው ረድፍ ጎን ለጎን የተቀመጡ ስለሆኑ ቀኝ እጅ ማውሱን ሳይለቅ ግራ እጅ ይደርስባቸዋል። ሊሳ በ1983 በ9,995 ዶላር ለገበያ ቀርቦ በዋጋው ውድነት ብዙም ባይሸጥም፣ በ1984 በ2,495 ዶላር የወጣው ማኪንቶሽ አሠራሩን ለብዙኃኑ አደረሰ።

ቴስለር በ1980ዎቹ ለሶፍትዌር ጸሐፊዎች የሚያገለግሉ መሣሪያዎች በሚያዘጋጅበት ጊዜ የደረሰበት ሐሳብ ዛሬ የቴስለር ሕግ ወይም የውስብስብነት አለመጥፋት ሕግ በሚል ይታወቃል። ሕጉ ማንኛውም ሥራ ከተወሰነ ደረጃ በታች ሊወርድ የማይችል ውስብስብነት እንዳለውና፣ ይህ ውስብስብነት ከቦታ ቦታ ይዛወር እንደሆነ እንጂ እንደማይጠፋ ይናገራል። ፕሮግራም ጸሐፊው ተጨማሪ ሳምንት ደክሞ ካልፈታው፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እየከፈለ ይኖራል፤ የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ሚሊዮን በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ የአንድ ጸሐፊ ሳምንት ከዚያ ሁሉ ጊዜ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። የሕጉ ጥንካሬ የንድፍን ጥያቄ ከውበትና ከምቾት ወሬ አውጥቶ የፍትሕ ጥያቄ ማድረጉ ነው፤ የሚከፍለው ማን እንደሆነ በግልጽ እንዲጠየቅ ያስገድዳል።

ሆኖም የሕጉ ባለቤት የመራው ሥራ ራሱ የሕጉን ወሰን አሳይቷል። ቴስለር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአፕልን «ኒውተን» ፕሮጀክት መርቷል፤ ይህ ኪቦርድ የሌለው፣ በእጅ ተይዞ በብዕር የሚጻፍበትና የእያንዳንዱን ሰው የእጅ ጽሑፍ ያነባል ተብሎ የተጠበቀ ትንሽ ኮምፒውተር ነበር። ሐሳቡ ሸክሙን ሁሉ ለማሽኑ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን በ1993 ለገበያ ሲወጣ የማንበብ ችሎታው ገና ስላልበሰለ ቃላትን እያሳሳተ የብዙ ሰው መሣለቂያ ሆነ፤ ተጠቃሚውም የማሽኑን ስሕተት በማረም ሥራ ተጠመደ። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው «ፓልም ፓይሎት» የተባለው የእጅ ኮምፒውተር በተቃራኒው ተጠቃሚው ቀለል ያለ የፊደል አጣጣል እንዲማር ጠየቀ፤ የተጠየቀው ትንሽ ቢሆንም የታወቀና አንድ ጊዜ የሚከፈል ስለነበር ሰው በደስታ ተቀበለው። ማሽኑ ሸክሙን ወስጃለሁ ብሎ መንገድ ላይ ከሚጥለው፣ ተጠቃሚው ጥቂቱን አውቆ መሸከሙ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ኒውተን በንግድ ረገድ ወድቆ በ1998 ቢዘጋም፣ ባትሪ የሚቆጥብ ፕሮሰሰር ፍለጋው አፕል በ1990 ከኤኮርንና ከቪኤልኤስአይ ጋር «አርም» የተባለውን ኩባንያ በጋራ እንዲመሠርት ምክንያት ሆኗል፤ ቴስለርም በኩባንያው የዳይሬክተሮች ቦርድ ውስጥ አገልግሏል። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት የስማርት ስልኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሠሩት በዚህ ኩባንያ ንድፍ ነው። ቴስለር በ1997 አፕልን ከለቀቀ በኋላ በአማዞንና በያሁ በኃላፊነት የሠራ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ያከናወነው ግን ከቀደመው ጋር የሚተካከል አይደለም።

በሞድ ላይ የነበረው አቋምም ያለ ማሻሻያ አልቆየም። የማኪንቶሽን ፕሮጀክት የጀመረው ጄፍ ራስኪን፣ ሞድ የሚጎዳው ተጠቃሚው ሳያውቀው ሲጸና መሆኑን በማስረዳት አንድ ጠቃሚ ልዩነት አምጥቷል፤ ቁልፍ በጣት ተይዞ እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆይ ሁኔታ፣ ለምሳሌ ትልቁን የእንግሊዝኛ ፊደል ለመጻፍ የሚያዘው ቁልፍ፣ የጣቱ ጫና ራሱ ማስታወሻ ስለሚሆን አያሳስትም፣ አንዴ ተነክቶ የሚጸናው የትልልቅ ፊደላት መቆለፊያ ግን ያሳስታል። በዚህ መለኪያ ሲታይ የቴስለር ጠላት በትክክል የነበረው የማይታየው ሁኔታ ነው።

ይህ መለኪያ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የሩቅ ታሪክ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ በኮምፒውተር መጻፍ ቢቃለልም፣ ጸሐፊው በአንድ ኪቦርድ ላይ በአማርኛና በላቲን ፊደል መካከል መመላለሱ አልቀረም። በድምፅ በሚጻፍባቸው ኪቦርዶች «ላ»ን ለመጻፍ መጀመሪያ «ል» ይነካና አናባቢው ሲከተል ፊደሉ እዚያው ይለወጣል፤ ሁለት ምት የሚጠይቅ ቢሆንም በመካከል ያለው ሁኔታ ዓይን ባረፈበት ቦታ ላይ ስለሚታይ ማንንም አያደናግርም። ኪቦርዱ በየትኛው ቋንቋ ላይ እንዳለ የሚያሳየው ምልክት ግን አብዛኛውን ጊዜ በስክሪኑ ጥግ፣ ከጽሑፉ ርቆ የሚቀመጥ ነው። ስለዚህ ዓይኑን ከሚገለብጠው ወረቀት ላይ ያልነቀለ ጸሐፊ የኢሜይል አድራሻ በላቲን ካስገባ በኋላ ሙሉ አንቀጽ ጽፎ ቀና ሲል ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ይጠብቀዋል፤ የብራቮ ተጠቃሚ የደረሰበት ዓይነት ነገር፣ ጉዳቱ ቀለል ብሎ፣ በየቀኑ ይደገማል። አፕል ራሱ በ2023 ባወጣው «ሶኖማ» በተባለው የማክ ሥርዓት ቋንቋ ሲቀየር ምልክቱ ጠቋሚው አጠገብ ብቅ እንዲል አድርጓል፤ ትክክለኛ እርምጃ ቢሆንም ምልክቱ ወዲያው ስለሚጠፋ፣ ስልክ አነጋግሮ ወደ ጽሑፉ የተመለሰ ሰው አሁንም ከትዝታው መነሣት አለበት። ማሽኑ ከቁልፎቹ አመታት ቋንቋውን ገምቶ ራሱ እንዲቀይር ማድረግም ይቻላል፤ ያ ግን ግምቱ በሳተ ቁጥር እርማቱን ለጸሐፊው የሚተው የኒውተን መንገድ ነው። ከሁለቱ ይልቅ ጠቋሚው ራሱ ቅርጹን ለውጦ፣ አማርኛ እስከተጻፈ ድረስ አንድ መልክ፣ ላቲን እስከተጻፈ ድረስ ሌላ መልክ ይዞ ቢቆይ፣ ለኪቦርድ ሠሪዎች ብዙ የማይከብድ፣ ለጸሐፊው ደግሞ ምንም ነገር ማስታወስ የማይጠይቅ መፍትሔ ይሆናል።